የቤትን ማስጠንቀቂያ ደወል በራስ እጅ መርጦ ስለ መትከል

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፤ ከከተማ ወጥቶ ባለው በምዕራብ ጎጃም ገጠርም ሆነ፤ ሌሊት በሰው ቤት ላይ አደጋ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ኡኡታ ነው። ኡኡታ ከሽቦና ከባትሪ በፊት የነበረ የቤት ማስጠንቀቂያ ደወል ነው ማለት ይቻላል። አንዱ «ድረሱልኝ» ብሎ ሲጮኽ ጎረቤቱ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ የዚያኛውም ጎረቤት ጩኸቱን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፤ እንዲህ እየተቀባበለ ነገሩ ከአንድ መንደር ወደ ሌላው መንደር ይደርሳል። ዛሬ የምንነጋገርበት በኤሌክትሪክ የሚሠራው የቤት ደወል በመሠረቱ ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። ባለቤቱ ተኝቶ ወይም ከቤቱ ርቆ ሳለ በእርሱ ፋንታ ኡኡ የሚል መሣሪያ ነው። ይህን አስቀድሞ ልብ ያለ ሰው ከዚህ ቀጥሎ የምናገረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። እኔ ራሴ ይህን ዘንግቼ ምን እንደ ደረሰብኝም ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ ኑሮ ቤትን ዘግቶ መሄድ የበዛበት ኑሮ ነው። በፍኖተ ሰላም የሚሠራው ሰው ለሥልጠና ወደ ባሕር ዳር ይጠራል፤ በቡሬ ያለው የግብርና ባለሙያ ለመስክ ሥራ ወደ ቀበሌዎች ወርዶ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል፤ የዓመት ፈቃዱን የወሰደው ደግሞ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ቤቱ የሚጠበቀው በአንድ ቁልፍና በጎረቤት ዐይን ነው። ዘበኛ ለመቅጠር ደመወዙ የማይበቃው ብዙ ነው፤ ውሻ ለማኖርም አከራዩ የማይፈቅድበት ግቢ አለ። ስለዚህ በመጠነኛ ገንዘብ ተገዝቶ፤ አንድ ሰው ቅዳሜና እሑድን ሠርቶበት በራሱ እጅ ሊተክለው የሚችለው ደወል ለብዙዎች የሚጠቅም ነገር ነው።

ቀድሞ በአገራችን ስርቆት ሲደርስ ሌባውን ለማግኘት አውጫጭ የሚባል ሥርዐት እንደ ነበረ የሚታወቅ ነው። የአካባቢው ሰው ተጠርቶ በአንድ ስፍራ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅም ድረስ ሥራውን ፈትቶ ከዚያ ይውላል። ሌባ ሻይ የሚባልም ልማድ ነበር፤ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፤ ልጁ የገባበትን ቤት የሌባ ቤት ነው ይሉ ነበር። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ተጐዳ እግዚአብሔር ይወቀው። ሁለቱም ግን ዕቃው ከሄደ በኋላ የሚፈለግባቸው መንገዶች ነበሩ። ዕቃው ሳይሄድ የሚናገረው ደወል በባሕር ማዶ የተጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. ሲሆን፤ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ይኖር የነበረው ኦገስተስ ራስል ፖፕ በባትሪና በኤሌክትሮ ማግኔት የሚሠራ ደወል ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘበት። በር ወይም መስኮት ሲከፈት የኤሌክትሪኩ ጅረት ይያያዝና በማግኔት የሚንቀሳቀስ ትንሽ መዶሻ ደወሉን ይቀጠቅጠዋል። በ1857 ኤድዊን ሆልምስ የተባለ ነጋዴ መብቱን ገዝቶ በቦስተን፤ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዋና ንግድ አደረገው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1966፤ በኒው ዮርክ የምትኖር ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ከባለቤቷ ጋር ሆና ካሜራና ቴሌቪዥን ያለበት የቤት ጥበቃ መሣሪያ አስባ ለፈጠራ መብት አመለከተች፤ በ1969ም ተፈቀደላት። ይህች ሴት የሥራ ሰዓቷ የማይመች፤ ብዙ ጊዜም ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትሆን ሠራተኛ ነበረች። ነገሩን የፈጠረው እንግዲህ ችግሩ ያለበት ሰው መሆኑ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ማናቸውም የቤት ደወል ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ጠቋሚ ወይም ሴንሰር የሚባለው ሲሆን በሩ መከፈቱን፤ ወይም ሰው በክፍሉ ውስጥ መንቀሳቀሱን ያያል። ሁለተኛው መቆጣጠሪያው ሣጥን ነው፤ ከጠቋሚዎቹ ወሬ ተቀብሎ ይፈርዳል። ሦስተኛው የሚጮኸው ሳይረን ነው። ከእነዚህ ጋር ባትሪና፤ በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚገኘው ዐይነት ከሆነ ደግሞ ስልክ የሚደውል የሲም ካርድ ክፍል ይጨመርበታል።

ሱቅ ከመሄድ በፊት ግን ቤትን መመርመር ያስፈልጋል። ቋንቋችን ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ቤት የሚሰብረውን ሌባ ሰርሳሪ እንለዋለን። ሰረሰረ ማለት በሳ፤ ቦረቦረ ማለት ነው። የአገራችን ሌባ በበር ብቻ የሚገባ አልነበረም፤ አሁንም አይደለም። የብዙዎቻችን ቤት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፤ ቆርቆሮ የለበሰ ስለ ሆነ፤ የጓዳውን ግድግዳ ነድሎ፤ አለዚያም የቆርቆሮውን ምስማር ነቅሎ ከላይ የሚወርድ አለ። የፈረንጅ የመመሪያ መጽሐፍ ይህን አያውቅም፤ ለበርና ለመስኮት ጠቋሚ አድርግ ብሎ ይተወናል። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት በቀን አንድ ጊዜ፤ በማታም አንድ ጊዜ ግቢውን ዞሮ፤ «እኔ ሌባ ብሆን በየት እገባ ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ጓዳው ከጎረቤት አጥር ጋር የሚዋሰን ከሆነ፤ ከአጥሩም ላይ ወደ ጣራ መሻገሪያ ዛፍ ካለ፤ ደካማው ስፍራ ያ ነው። ዛፉን መቁረጥና በሩን በጥሩ መወርወሪያ ማጠንከር ከደወሉ ይቀድማል፤ ደወል የሚናገር እንጂ የሚያግድ ነገር አይደለምና።

የበር ጠቋሚ አሠራሩ ቀላልና የሚያስደስት ነው። በትንሽ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ። ማግኔት ሲጠጋቸው ይሳሳማሉ፤ ሲርቅ ይለያያሉ። ይህን ያሰበው በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዋልተር ኤልውድ በ1936 ነው። ቱቦውን በመቃኑ ላይ፤ ማግኔቱን በበሩ ላይ እናደርጋለን፤ በሩ ሲከፈት ማግኔቱ ይርቅና ጅረቱ ይቋረጣል። መቆጣጠሪያው ሣጥን የሚጮኸው ጅረቱ ሲቋረጥ እንዲሆን ማድረግ ይገባል እንጂ ሲያያዝ መሆን የለበትም። ምክንያቱም ጅረት ሲቋረጥ የሚጮኽ ከሆነ፤ ሽቦውን የቆረጠ ሌባ ራሱ ደወሉን ደወለ ማለት ነው። ተቃራኒው ዐይነት ግን ሽቦው ሲቆረጥ ለዘላለም ዝም ይላል። ሲገዛ ይህን መጠየቅ ነው።

በእኛ አገር ግን በሩ ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ተራ የበር ጠቋሚ በብረት ላይ ሲለጠፍ ብረቱ የማግኔቱን ኃይል ይከፋፈለዋል፤ በሩ ተዘግቶ ሳለ ተከፈተ ይላል። ለብረት በር ተብሎ የተሠራ ትልቅ ጠቋሚ ካልተገኘ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ከሥር ማድረግ ይረዳል። በማግኔቱና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ባይበልጥ መልካም ነው። በክረምት የእንጨት በር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሸሻል፤ ስለዚህ ክፍተቱን በሁለቱም ወራት መለካት ያሻል።

ግድግዳ ነድሎ ወይም ጣራ ከፍቶ የሚገባውን የሚያየው የእንቅስቃሴ ጠቋሚው ነው። ይህ መሣሪያ ከራሱ የሚያወጣው ምንም ጨረር የለም፤ የሰው ገላ የሚሰጠውን የማይታይ የሙቀት ጨረር ብቻ ይቀበላል፤ ሙቀቱ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ነው ሰው አለ የሚለው። በዚህም የተነሣ ወደ እርሱ ቀጥ ብሎ ከሚመጣው ይልቅ በፊቱ የሚያቋርጠውን ቶሎ ያያል። ከወለል ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በክፍሉ ማእዘን ሲቀመጥ፤ ተራው ዐይነት ዐሥር ሜትር ያህል ይመለከታል። ወደ መስኮት፤ ወደ ምድጃ፤ ፀሐይ ወደሚገባበትም አቅጣጫ ማዞር አይገባም። ኮርኒስ በሌለው ቤት ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግልና ደመና ሲጋርደው ሲቀዘቅዝ፤ የሚነሣው የሞቀ አየር ጠቋሚውን ያሳስተዋል። የክፍሉም ሙቀት የሰው ገላን ሙቀት ያህል ሲሆን ሰውን ከግድግዳ መለየት ያቅተዋል፤ እንደ ብር ሸለቆ ባለው ቆላ የሚኖር ሰው ይህን ያስብበት።

ባለ ሽቦ ይሻላል ወይስ ያለ ሽቦ በሬዲዮ የሚሠራው? ቤቱ የራስ ከሆነና ኮርኒስ ካለው ሽቦ ይሻላል፤ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ተከራይ ግን ያለ ሽቦ የሚሠራውን ቢመርጥ፤ ዝውውር ሲመጣ ነቅሎ ይዞት ይሄዳል፤ ከአከራይም ጋር ስለ ግድግዳ ቀዳዳ አይጣላም። የሬዲዮው ዐይነት ሁለት ድካም አለው። አንደኛ፤ በየጠቋሚው ውስጥ ያለው ባትሪ ሲያልቅ ርካሹ ዐይነት ሞቶ ዝም ይላል እንጂ አይናገርም። ሁለተኛ፤ ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ትንሽ ባትሪ በትንሽ ከተማ በቀላሉ አይገኝም። እኔ የምመክረው በማናቸውም ሱቅ የሚሸጠውን ተራ ባትሪ ድንጋይ የሚቀበለውን መፈለግ ነው፤ ከማማርና ከማነስ ይልቅ ይህ ይበልጣል። መቆጣጠሪያውን ሣጥን በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ መደበቅም ስሕተት ነው፤ ብረት ሬዲዮውን ያፍነዋል።

ስለ ኤሌክትሪክ መቋረጥ ለአድማጮቼ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ስሌቱን ግን እንሥራ። በመቆጣጠሪያው ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው የተለመደው ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ነው። ሣጥኑና ጠቋሚዎቹ በአንድነት የአምፔርን አንድ ዐሥረኛ የሚበሉ ከሆነ፤ 7ን ለ0.1 ስናካፍል 70 ሰዓት ይሆናል። ባትሪ ግን ያረጃል፤ የጽሑፉን ያህልም አይሰጥም፤ ስለዚህ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ማመን ይገባል፤ ይኸውም ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ያህል ነው። በአንዳንድ ርካሽ ሣጥን ውስጥ ያለው ባትሪ ግን 0.8 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያው ስሌት ስምንት ሰዓት አይሞላም። መብራት ከማታ ጀምሮ ቢጠፋ ደወሉ ጎሕ ሳይቀድ ይሞታል ማለት ነው። በሱቅ ሻጩ ስለ ካሜራውና ስለ መልኩ ብዙ ይነግራል፤ ገዢው ግን ክዳኑን አስከፍቶ በባትሪው ላይ ያለውን ቁጥር ያንብብ።

የሲም ካርዱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ካርዱ ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት የምስጢር ቁጥር መጠየቁን በተራ ስልክ ላይ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሣጥኑ ተቆልፎ ይቀራል። ሒሳቡም በየወሩ ይታይ። ከፋብሪካው ጋር የሚመጣውን የምስጢር ቁጥር ሳይለውጡ መተውም ቤትን ዘግቶ ቁልፉን በበሩ ላይ እንደ መተው ነው፤ ቁጥሩ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ለሁሉ ታትሟል። በድምፅና በአጭር መልእክት የሚናገረውን መምረጥ በኢንተርኔት ብቻ ከሚሠራው ይሻላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት እንደ ቆየ የምናስታውሰው ነው፤ በሞባይል ኢንተርኔት ብቻ የሚናገር ካሜራ በዚያ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነበር። የሰዓት እላፊ በሚታወጅበት ጊዜም ጎረቤት ሊወጣ አይችልምና፤ ደወሉ ሌባውን ለማስደንገጥ እንጂ ረዳት ለመጥራት እንደማይሆን ማወቅ ይገባል። ስለ ካሜራ ከዚህ የበለጠ ለመናገር ጊዜው አይበቃም፤ የራስን ግቢ ይመልከት እንጂ የጎረቤትን ደጅ አይመልከት ብዬ ልለፈው።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በፍኖተ ሰላም አክስቴ ይኖራሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ያሳደጉኝም እርሳቸው ናቸው። ልጆቻቸው ርቀው ስለሚኖሩ በ2014 ዓ.ም. በሰኔ ወር አንድ ደወል ገዝቼ ወሰድሁላቸው። አንድ ቀን ሙሉ ስሠራ ዋልሁ፤ የእንቅስቃሴ ጠቋሚውንም በሳሎኑ ማእዘን፤ ከአቡጀዲው ኮርኒስ ሥር አደረግሁት። ማታ ስንሞክረው ጩኸቱ ሰፈሩን አንቀጠቀጠው፤ እኔም ኮራሁ። በማግሥቱ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

በሐምሌ ወር ደወሉ ዘጠኝ ሌሊት ጮኸ። ሌባ የመጣበት አንድም ሌሊት አልነበረም። ነፋስ በቆርቆሮው ሥር ሲገባ አቡጀዲው እንደ ሸራ ይነፋና ይረግባል፤ ከምድጃው የተረፈው ሙቅ አየርም አብሮት ይወዛወዛል፤ ድመቷም በቁም ሣጥኑ ላይ ትዘላለች። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጎረቤቶች በዝናብ ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው፤ ዱላና ባትሪ ይዘው ደረሱ። በአራተኛው ሁለት ሰዎች መጡ። በሰባተኛው አንድ ሽማግሌ ብቻ አጥሩ አጠገብ ቆመው «ደኅና ነሽ?» ብለው ጠይቀው ተመለሱ። በነሐሴ አጋማሽ ሌባው በእውነት መጣ። የጓዳውን ግድግዳ በስተ ኋላ ነድሎ ገባ፤ ለዓመቱ የተዘጋጀውን በርበሬ በጆንያው፤ አንድ የጋዝ ምድጃና የአክስቴን የሠርግ ጊዜ ጥልፍ ቀሚስ ወሰደ። ጓዳው ጠቋሚ አልነበረውም፤ ደወሉ የጮኸው ሰውየው ወደ ሳሎን ብቅ ሲል ነው፤ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ጮኸ። አክስቴ ከመኝታ ቤታቸው በሩን ዘግተው እርሳቸውም ኡኡ አሉ፤ ድምፃቸው ግን በሳይረኑ ተዋጠ። ማንም አልመጣም። በነጋው ከማዶ ያሉት ጎረቤት እንባቸው እየመጣ፤ «እትዬ፤ ድመቷ መስላን ነው» አሏቸው።

እኔ ይህን ስሰማ በእርሳቸው ፋንታ አንገቴን ደፋሁ። የገዛሁት መሣሪያ ጎረቤትን ከአክስቴ ቤት ያራቀ ሆነ፤ ደወሉ ባይኖርና ኡኡታቸው ብቻ ቢሰማ ኖሮ ሰው ይደርስላቸው እንደ ነበር አልጠራጠርም። ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ አነበብሁ። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ለፖሊስ ከሚደርሰው የደወል ጥሪ ከመቶው 94 እስከ 98 የሚሆነው የሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ በ2000 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር፤ የጥበቃ ሰው ሄዶ አይቶ እውነት ነው ካላለ በቀር ለደወል ብቻ አልወጣም ብሎ ደንብ አወጣ። ደመወዝ የሚከፈለው ፖሊስ እንዲህ ከተሰላቸ፤ በዝናብ ሌሊት በነጻ የሚወጣውን ጎረቤት ማን ይወቅሰዋል?

ስለዚህ በመስከረም ተመልሼ ሥራውን እንደ ገና ጀመርሁ። ጠቋሚውን ከሳሎኑ አንሥቼ ኮርኒሱ በተጣበቀ ሣንቃ በሆነው፤ ሌሊት ማንም በማያልፍበት በጓዳው መተላለፊያ አደረግሁት። ሁለተኛ ጠቋሚ ለጓዳው ጨመርሁ። ሸረሪትና ትንኝ በውስጡ እንዳይሄድ የሽቦ መግቢያውን ቀዳዳ በሲሊኮን ደፈንሁ፤ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ የሐሰት ጩኸት ያስከትላል። ድመቷ ማታ ከደጅ እንድታድር ተፈረደባት። በጭቃ ግድግዳ ላይ ፊሸር አይይዝም፤ ስለዚህ በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሁ ማገሩ ያለበትን ፈልጌ ብሎኑን በእንጨቱ ላይ አሰርሁት። ሳይረኑንም ከቤቱ ፊት ለፊት፤ ካለ መሰላል በማይደረስበት ከጣራው ክፈፍ ሥር፤ ሽቦው ከውስጥ እንጂ ከውጭ በማይታይበት ሁኔታ ሰቀልሁት። ከውጭ የሚታይ ሽቦ ለሌባ የተሰጠ መመሪያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የረዳው ግን አክስቴ ያደረጉት ነው። ቡና አፍልተው አምስት ጎረቤቶችን ጠሩ፤ ስለ ሐምሌው ሌሊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ደወሉንም በፊታቸው አስጮኸን። የእድሩ ጸሐፊ ከተጠሩት አንዱ ነበሩ። ቁጥራቸው በሲም ካርዱ ላይ ከእኔ ቁጥር ቀጥሎ ተመዘገበ፤ ስልኩ ሲጠራ ማን በየትኛው በር እንደሚመጣ፤ ማንም ብቻውን እንዳይገባ፤ ለፖሊስ ጣቢያም ማን እንደሚደውል በዚያው ተነጋገሩ። የደወሉን ጽሑፍ ሁሉ ከማንበብ ያ የቡና ሰዓት ይበልጥ ነበር። የኪራይ ቤት ያለው ሠራተኛም ለሰፈሩ እንግዳ ነኝ ሳይል እንዲህ ቢያደርግ ይጠቅመዋል።

በራስ እጅ መሥራት ሲባል ድንበር አለው። የ12 ቮልቱን ሽቦ ማንም ጠንቃቃ ሰው በካቻቢቴና በናስትሮ ሊሠራው ይችላል። የ220 ቮልቱ ግን ሌላ ነው፤ አዲስ ሶኬት ማውጣት ካስፈለገ ሳልቫቪታው ወርዶ፤ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሠራ። የጎጃም ክረምት መብረቅ ብዙ ስለ ሆነ መቆጣጠሪያው ሣጥን ከኃይል መብዛት በሚከላከል መሣሪያ በኩል ቢያያዝ፤ በግቢ ውስጥም ረጅም ሽቦ ከቤት ቤት ባይዘረጋ ደግ ነው። አንዳንዱ ሰው በአጥሩ ላይ ራቁት ሽቦ ዘርግቶ ከ220 ቮልት ጋር እንደሚያያይዝ እሰማለሁ። ይህ ጥበቃ አይደለም፤ ኳሱን ለማምጣት አጥር የወጣውን የጎረቤት ልጅ ሊገድል የሚችል ወጥመድ ነው፤ ያደረገውንም ሰው በሕግ ያስጠይቀዋል።

ስለ ገጠሩ ጥቂት ልጨምር፤ ብዙዎቻችን እናትና አባቶቻችን እዚያ ናቸውና። ገበሬ የሚሰጋው ለቴሌቪዥን ሳይሆን ለበሬው ነው። በቆሎው ሲያሽት በማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚጠብቀው ልጅ፤ በከብት አንገት ላይ የሚንጠለጠለውም ቃጭል፤ ሁሉ ጠቋሚና ሳይረን ናቸው። ለበረቱ በር ሲም ካርድና መቆጣጠሪያ ሣጥን አያስፈልግም። ማግኔትና ትንሽ ጩኸት ያለው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የበር ደወል በርካሽ ይገኛል፤ ራሱን የቻለ ስለ ሆነም የኤሌክትሪክ መስመር አይፈልግም። ዝናብ እንዳይነካው በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን መከለል፤ ከብቶቹም እንዳያሹት ከቀንድ በላይ ከፍ ማድረግ ነው። የፀሐይ መብራት ያለው ቤት ደግሞ ከዚያው ባትሪ ላይ ሊያገናኘው ይችላል፤ የቮልቱ ቁጥር አንድ መሆኑን አይቶ። ይህም ባይሆን በበሩ መወርወሪያ ላይ አሮጌ ቃጭል ማንጠልጠል ገንዘብ አያስወጣም፤ ያዩት ሰዎች ይስቁ ይሆናል፤ ውሻው ግን ወዲያው ይነሣል።

ደወሉ ተተክሎ ካለቀ በኋላ የሚቀረው መሞከር ነው። መጀመሪያ ሳምንት ሳይረኑን አጥፍቶ፤ ስልክ ብቻ እንዲደውል አድርጎ ማቆየት ብልህነት ነው፤ የሐሰት ጩኸቱ በዚያ ሳምንት ሰፈሩን ሳይረብሽ ይታወቃል፤ ምክንያቱም ይታረማል። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ የሐምሌው ነገር ባልሆነ። ባለቤቱ ገብቶ እስኪዘጋው ድረስ የሚሰጠው ጊዜ 30 ሰከንድ፤ ወጥቶ እስኪሄድ አንድ ደቂቃ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ለሽማግሌ ጥቂት ይጨመር። ሳይረኑ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጮኾ ራሱ ዝም እንዲል ይደረግ። ከዚያም በየወሩ በእያንዳንዱ ጠቋሚ ፊት ማለፍ፤ እያንዳንዱንም በር መክፈት፤ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ሳልቫቪታ አውርዶ ሣጥኑ በባትሪው ብቻ መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል።

አክስቴ ይህን በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያደርጉታል። ሰዓቱን ሰፈሩ ስለሚያውቀው የሚደነግጥ የለም፤ ልጆች እንኳ አጥሩ አጠገብ ቆመው ይቈጥራሉ። አንድ ቅዳሜ ደወሉ ሳይጮኽ ቢቀር ከማዶ ያሉት ጎረቤት፤ «እትዬ፤ ዛሬ ረሱት?» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። ባለፈው ጊዜ ስሄድ አሮጌው ባትሪ ሆዱ አብጦ አገኘሁትና ለወጥሁት፤ እንዲህ ያለው ባትሪ እንደ ሙቀቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ የገባበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት በነጭ ናስትሮ ላይ ጽፌ በላዩ ለጥፌበታለሁ።